ኬ እስኪለቀቅ

የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ እንግሊዝኛ አያውቅም። ፊደሉን ግን ቋንቋውን ከሚያውቁት ይበልጥ ያውቀዋል፤ ያውም ገልብጦ። ለኅትመት የሚደረደረው የእርሳስ ፊደል ፊቱን አዙሮ ነው የሚቆመው። ሰው በመስታወት ውስጥ የሚያየውን ዓይነት ጽሑፍ ሲያነብ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ማተሚያ ቤት ሲገባ የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ወለል ላይ የወደቀ ፊደል ማንሣት ነበርና፣ ዛሬም ሲራመድ ዓይኑ ከመሬት አይነሣም። የሥራ ጓደኞቹ «ጥቁር ጣት» ይሉታል። የጣቱን ቀለም ሳሙናም ነጭ ጋዝም አሸንፎት አያውቅም።

ሁለት ዓመት ሙሉ የሚለቅመው የአንድ ሽማግሌ መምህር መጽሐፍ ነው። መምህሩ ዕድሜያቸውን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ቤት የዋሉ ናቸው። ቃላቱን እንደ ሌላው መዝገበ ቃላት ተራ በተራ አላሰለፉም። ፊደል የሚጋሩትን ቃላት እንደ ወንድምና እህት አንድ ቤት አስገቧቸው፤ ጅራታቸው አንድ የሆነ እዚህ፣ ራሳቸው አንድ የሆነ እዚያ። ተማሪ አንዱን ካወቀ ዘመዶቹን አይረሳም ይላሉ። እሳቸው በቃል ይነግራሉ፤ ልጃቸው በካርድ ላይ ትጽፋለች፤ አንድ ቃል በአንድ ካርድ፣ ፍቺው ከሥሩ። የአንድ ቤት ቃላት ሲያልቁ በክር ታስርና ቅዳሜ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት ታመጣለች። ያለፈውን ሥራ ፕሩፍ፣ ማለት የእርማቱን ወረቀት፣ ይዛ ትመለሳለች።

ብቻዋን አትመጣም። አክስቷ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ትቀመጣለች። የአክስትየዋ አፍ ቢያርፍ ዓይኗ አያርፍም።

መጀመሪያ ያናገረችው ልጅቱ ናት። የማያውቀውን ቋንቋ ያለ ስህተት እንዴት እንደሚለቅም ጠየቀችው።

«ልብስ ሰፊ ቁመት ነው የሚለካው» አላት ቀና ሳይል። «ጠባይ አይለካም።»

ሳቀች። አክስትየዋ ከበሩ ቀና አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ለፊደል ለቃሚው ሌላ ቀን ሆነ። ማሽኒስቱ፣ ሁለት ሚስት ያገባና ከሁለቱም የተባረረ ቀልደኛ ሽማግሌ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዝ የምትለውጠው ፊደሎቹ እንዲያዩህ ነው ወይ እያለ ይነዘንዘው ጀመር። ጥቁር ጣት አይመልስለትም። የሆዱን በሆዱ ይዞ ይለቅማል።

አንድ ቅዳሜ ግራ የገባውን ጠየቃት። «ማወቅ» የሚል ፍቺ ያለው ቃል ነው፤ እሷ ስታነበው «ኖው» ትላለች። ታዲያ ከፊቱ ኬ ምን ይሠራል?

«ኬ እዚህ ይጻፋል እንጂ አይነገርም» አለችው።

«ካልተነገረ ምን ያደርጋል?»

«ከሌለ ቃሉ ሌላ ይሆናላ። ዝም ብሎ ቆሞ ትርጉሙን ይጠብቃል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንደዚህ ያሉት ብዙ ናቸው። ቤታቸው ሲደርስ በደንብ አድርጌ እጽፍልሃለሁ።»

እንደዚያ ያለ ፊደል በራሱ ደረት ውስጥ እንዳለ ያወቀው ያን ቀን ነው። ግን አልተናገረም። እሷ የመምህር ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ እጅዋ ነጭ ወረቀት ነክቶ የማያቆሽሽ። እሱ «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» ብሏት አያውቅም። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቁመቱን የሚያውቅ ሰው ከጣሪያ ጋር አይላተምም ትል ነበር። እሱም ጎንበስ ብሎ ኖረ። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ የተረተ ሰው ጥቁር ጣትን አላየውም።

*

የኬ ቤት የካርድ እስር የመጣው የማተሚያ ወረቀት ከገበያ በጠፋበት ሰሞን ነው።

ስምንት ገጽ ተለቅሞ፣ በክር ታስሮ፣ የድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ወረቀት ካልመጣ አይታተምም፤ ካልታተመ አይፈታም፤ ካልተፈታ ፊደሉ ወደ ሳጥኑ አይመለስም። የባዕዱ ፊደል ሳጥን ደግሞ ድሮም ደሃ ነው። በተለይ ኬ። ከአፍንጫው ያልተሰበረው አርባ ሁለት ብቻ ሲሆን፣ ሠላሳ አምስቱ በታሰሩት ገጾች ውስጥ ነበሩ። በሳጥኑ የቀሩት ሰባት ናቸው። አዲሱ እስር ግን ቃሉ ሁሉ በኬ የሚጀምር ነው።

ልጅቱ ያን ቅዳሜ እስሩን በሁለት እጅዋ ነው የሰጠችው። ሲቀበላት ቶሎ አልለቀቀችውም። ከንፈሯ ደርቋል።

«ያልኩህ ቤት ነው» አለችው። «ቶሎ ብታየው ደስ ይለኛል።»

እሺ አላት። አክስትየዋ ፀሐዩ ሳይከር እንሂድ ብላ ተነሣች። ልጅቱ በሩ ላይ ደርሳ ዘወር ብላ አየችው። እሱ ግን ዓይኑን ሳጥኑ ላይ ጥሎ ስንት ኬ እንደቀረው ይቆጥር ነበር።

ማሽኒስቱ መላውን ነገረው። ለቃሚ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ፊደል ሲጎድል በቦታው ሌላ ፊደል ዘቅዝቆ ያቆማል፤ የጎደለው ሲገኝ ይለውጠዋል።

«እኔ ዘቅዝቄ አላቆምም» አለ ጥቁር ጣት።

«ለምን? ወዲያኛው ዓለም ፊደል ይመሰክርብኛል ብለህ ነው?»

ምክንያት ነበረው። በጀማሪነቱ ዘመን አንድ የዘቀዘቀው ፊደል ተረስቶ ታተመና አለቃው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ አዋረደው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለ ጊዜው ከፈታው እስር አንድ ወረቀት ወድቆ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለራሱ ሕግ አወጣ፤ ፊደሉ በሳጥኑ ሳይሞላ እስሩን አይፈታም፤ የጀመረውን ገጽ ሳይጨርስ አይነሣም። በአሥራ አንድ ዓመት ያገኘው ክብር ይኸው ሕግ ነው። ሌላ ሀብት የለውም።

በቁራጭ ወረቀት ላይ «ኬ እስኪለቀቅ» ብሎ ጽፎ ከክሩ ሥር ሰካ። እስሩንም ከራሱ በላይ ባለው መደርደሪያ፣ ከአሮጌ ሥራዎች ጀርባ አስቀመጠው። አራት ሳምንት ያህል ከአናቱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተቀመጠ።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱ የመጣችው ከወትሮው ቀድማ ነው። አዲስ እስር አልያዘችም። ፕሩፍ የሚሰቀልበትን ገመድ ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ አዳረሰችና ወደ እሱ መጣች።

«ያለፈው እስር ደርሶሃል አይደል?»

«ደርሶኛል።»

«ሙሉውን?»

«ምንም አልጎደለበትም።»

መልሱ እውነት ነበር። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፤ ያን አላወቀም። ልጅቱ አክስቷን በጎን አየት አደረገች።

«ፕሩፉስ መቼ ይወጣል?»

የጎደለው ኬ ነው ሊላት አፉ ላይ ደረሰ። አለቃው በመስታወት ከተከለለው ክፍሉ ሆኖ ያያል። የቤቱን ጉድለት ለደንበኛ የተናገረ ሠራተኛ ሥራውን ለሌላ ማተሚያ ቤት አሳልፎ እንደሰጠ ይቆጠራል፤ በዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው ያውቃል። ደግሞም አፈረ። በእሷ ፊት ፊደል የሌለው ፊደል ለቃሚ መሆን አልፈለገም።

«እሱን አይጠብቁት» አላት። «ሌላ የሚቀድም ሥራ አለ።»

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ጠፋ። መብራት እንደጠፋበት መስኮት ሆነ። ነገሩ ገረመው፤ ለአንድ ገጽ ይህን ያህል ማዘኗ ከአባቷ ፍቅር ነው ብሎ ተረጎመው። እሺ አለችው፣ አላስቸግርህም። እጅዋን ኪስዋ ውስጥ ከታ ሄደች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የተናገረችው አክስትየዋ ናት። ልጅቱ ከጎኗ ቆማለች።

«ከእንግዲህ ካርድ የማመላልሰው እኔ ነኝ» አለች። «ሙሽሪት የነገ ሳምንት ትሄዳለች። የመንገድ መሐንዲስ ነው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ይርቃል እንጂ ሰውስ ሰው ነው።»

ማሽኒስቱ ማሽኑን አቆመ። ጥቁር ጣት እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ። ቀለሙ እንደማይለቅ ያውቃል። ልጅቱ እጁን ታያለች። ምን እንደምትጠብቅ አልገባውም። ሰው ሁሉ የሚለውን፣ ለሁሉም የሚሆነውን ቃል ፈልጎ አገኘ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አላት።

ዓይኗን ከእጁ አነሣች።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች። ካርድ የምታነብ ይመስል ነበር።

ስትወጣ ፕሩፍ የሚሰቀልበትን ገመድ እንደገና በዓይኗ አዳረሰች። ቤቱን የምትሰናበት መሰለው። በተባለው እሑድ አውቶቡሱ ይዟት ሲሄድ እሱ ክፍሉ ውስጥ ጋደም ብሎ የገዛ ሸሚዙን ቁልፍ ይቆጥር ነበር። ደረቱ ውስጥ ዝም ብሎ የቆመው ፊደል ያን ቀን ከበደው።

*

ወረቀት ሰኞ መጣ። ማክሰኞና ረቡዕ ታተመ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ የታሰሩትን ገጾች እየፈታ ፊደሉን ወደ ሳጥኑ መለሰ። አርባ ሁለቱም ኬ በቦታው ገባ። ዓርብ ጠዋት እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ፤ አቧራውን እፍ አለ፤ ክሩን ፈታ።

የእጅ ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው። ኒ፤ ጉልበት። ኒል፤ መንበርከክ። ናይፍ፤ ቢላዋ። ለቀመ። ኖክ፤ ማንኳኳት። ይቺ ሁለት ኬ ትበላለች፤ ሁለቱንም አቆመላት። የሚቀጥለውን ካርድ አነሣ። እንግሊዝኛ የለበትም።

«ሁለት ዓመት የአባቴን ቃል ጻፍኩ። ይሄ የራሴ ነው። ለማላውቀው ሰው ሊሰጡኝ ነው። እንዳልሄድ ከፈለግህ የዚህን ገጽ ፕሩፍ ስትልክ ማንኳኳት ከሚለው ቃል አጠገብ፣ ኅዳጉ ላይ፣ አንዲት ነጥብ አድርግ። ሌላ ምንም አትጻፍ። ነጥቧን ካየሁ ለአባቴ የምነግረው እኔ ነኝ፤ አንተ አትፍራ። ነጥብ ከሌለ ግን ገብቶኛል ማለት ነው፤ አላስቸግርህም።»

በጣቱ የያዘው ኬ ወለሉ ላይ ወደቀ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀ ፊደል ለማንሣት አላጎነበሰም። ያነሣለት ማሽኒስቱ ነው። ፊቱን አየና ሊቀልድ የከፈተውን አፍ ዘጋ። ሳጥኑ ጫፍ ላይ ፊደሉን ቀስ አድርጎ አስቀምጦለት ወደ ማሽኑ ሄደ።

ጥቁር ጣት ገጹን ጨረሰ። የጀመረውን ገጽ ሳይጨርስ አይነሣማ። ቋጠሮ የሚለውን ለቀመ። ማወቅ የሚለውን ለቀመ። የሚያያቸው ፊደሎች እንደ ውኃ ውስጥ ጠጠር እየተንቀጠቀጡ ነበር።

*

አክስትየዋ ሙሽሪትን ልታደርስ ስለሄደች ፕሩፉን የሚወስድ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ካርዶቹንና ፕሩፉን ይዞ ራሱ ወደ መምህሩ ቤት ሄደ። ሁለት ዓመት ቤቱን ከሩቅ ያውቀዋል፤ ቀርቦት አያውቅም። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ግፋው። ክፍት ነው።»

መምህሩ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቆ በተቀመጠ ወንበር ላይ ነበሩ። ጠረጴዛቸውና መጻሕፍታቸው ከወዲያኛው ግድግዳ ናቸው። ወንበሩ ግን ከበሩ ሥር ነው። ማተሚያ ቤት ነኝ አላቸው። በቀለሙ ሽታ እንዳወቁት ነገሩትና እንዲያነብላቸው ጠየቁ።

ቃሉን ማንበብ ስለማይችል ፊደል በፊደል ጠራላቸው፤ እሳቸው ቃሉን ይላሉ፤ እሱ ፍቺውን ያነባል። ሁለቱም ሥራቸውን ያውቃሉና ፈጥኖ ሄደ።

«ስንት ሆነ?» አሉ ሲጨርስ።

«ሠላሳ ስድስት።»

«የነገርኳት ሠላሳ ስድስት ነው። ያሰረችው ሠላሳ ሰባት ነው።» ፊታቸው ወደ በሩ ነው። «ክሩን እኔ ነኝ በጣቴ የያዝኩላት። የታወረው ዓይኔ እንጂ ጣቴ አይደለም።»

ጥቁር ጣት ሳይፈቀድለት ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ምን እንዳለበት አልጠየቅኋትም» አሉ። «ለማን እንደሆነ ግን አውቄአለሁ። ይሄ ቤት ሳቅ የሚሰማው ቅዳሜ፣ ካንተ ዘንድ ስትመለስ ነበር። ይመጣል አልኩ። ወንበሬን እዚህ አዞርኩ። እኅቴ ለቃሚው አራተኛ ክፍል ነው አለችኝ። ሁለት ዓመት ቃሌን ያለ ስህተት ያቆመልኝ ሰው ካልተማረ የተማረው ማን ነው አልኳት። ሦስት ሳምንት ያንን በር ሳዳምጥ ከረምኩ። ያንኳኳ የለም።»

«ብመጣ ኖሮ ይሰጡኝ ነበር?»

«አሁን ስትገባ ማን ከፈተልህ?»

ዞሮ ክፍቱን በር አየ።

«አባት ሄዶ ልጄን ውሰድልኝ አይልም» አሉ መምህሩ። «ያንን ብቻ ላንተ ተውኩ። እሷም አንድ ቀን መጥታ፣ አባዬ፣ ያሉኝን አገባለሁ አለች። አልፈለጋትም አልኩ። እኔም ዝም አልኩ።» ወደ እሱ ዞሩ። «ካርዱን አየኸው፣ ልጄ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት፣ መምህር።»

«ለምን?»

እጁን ገልብጦ ጥቁር ጣቶቹን አየ።  

«ኬ አልነበረም።»

መምህሩ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉት ፊደል ነው። ለማን ይከሰሳል?

«ኬ» አሉ። 

ከውጭ ሰዎች እየተጫወቱ አለፉ። አንዲት ሴት ረዥም ሳቅ ሳቀች። ሁለቱም ያንን ሳቅ እስኪርቅ አዳመጡት።

«ልጻፍላት» አለ ጥቁር ጣት። «ዛሬ ብጽፍ በሳምንት ይደርሳታል። አላየሁትም ነበር ብዬ፣ እሱን ብቻ።»

«አሁን አልፈለገኝም ብላ ነው የሄደችው» አሉ መምህሩ። «ያ ቁስል ይሽራል፤ ሰው ሁሉ አንድ አለው። ይፈልገኝ ነበር፣ አባቴም እሺ ይል ነበር ብትባል ግን ያ በምን ይሽራል? ሰው ቤት ገብታለች። የኔን ልጅ አውቃታለሁ፤ አትወጣም። ተሸክማው ታረጃለች እንጂ።» ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። «ትጥላህ። ጠልታህ ትኑር። ከወደድካት ይሄን ስጣት።»

ጥቁር ጣት ካርዶቹን መልሶ በክር አሰረ። ከዚያ፣ እሺ አለ። በሕይወቱ ከተናገራቸው ቃላት ሁሉ የከበደችው ይህች ናት።

ሲነሣ ሠላሳ ሰባተኛውን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ ለአባትየው ዘረጋላቸው። በጣታቸው ጫፍ ዳር ዳሩን ዳሰሱት። የልጃቸው እጅ የተጫነበትን መስመር ፈለጉ። አግኝተው ጥቂት ያዙና መለሱለት።

«ያንተ ነው» አሉት። «በሩን ስትወጣ አትዝጋው። ለምጄዋለሁ።»

*

ፕሩፉን ማተሚያ ቤት መልሶ ገመዱ ላይ ሰቀለው። እርሳስ አነሣ። ማንኳኳት ከሚለው ቃል አጠገብ፣ ኅዳጉ ላይ፣ አንዲት ነጥብ አደረገ። እንዳለችው፤ ሌላ ምንም አልጻፈም።

ማሽኒስቱ ሊያትም ሲዘጋጅ አየና ይሄ የምን እርማት ነው አለው፤ ስህተት የለበትም እኮ።

«የለበትም» አለ ጥቁር ጣት። «እንዳለ አትመው።»

በሳምንቱ አለቃው ያዘዘው አዲስ ፊደል መጣ። ኬ ለብቻው አንድ ሙሉ ሳጥን ነው፤ አፍንጫው ያልተነካ፣ ቀለም ያልቀመሰ፣ የሚያብለጨልጭ። በፊደል ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የኬ ጎጆ ሞልቶ ተረፈ። ማሽኒስቱ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ያዘው። 

ጥቁር ጣት አንዱን አንሥቶ በመዳፉ ያዘ። ቀዝቃዛ ነው። እስኪሞቅለት ያዘው። ከዚያ ወለሉን ሳይሆን ከራሱ በላይ ባለው መደርደሪያ የእስሩን ባዶ ቦታ እያየ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ አንድም ቀን ያላላትን አላት።

«አንቺ።»